ሰባተኛዋን ደረጃ የማይረግጡ ሰዎች

ሰኞ፤ 61 ቀን ቀረው

ይሄን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ናት። "አባዬ፣ ስለ ክለቡ የምታስታውሰውን ሁሉ ጻፍልኝ፤ ለመጽሐፉ ይሆነኛል" አለችኝ። ሽፋኑ ጠንካራ፣ መስመሩ ሰፊ፣ መቶ ገጽ። እሺ። እኔ ደግሞ ደብተር ሲሰጡኝ መዘርዘር ነው የሚቀናኝ።

የማውቀው፦

1. የክለቡ ቤት ከስልሳ አንድ ቀን በኋላ ሰባ አምስት ዓመት ይሞላዋል። ትልቅ በዓል ይደረጋል።
2. አባላቱ መቶ ሃያ ናቸው። መቶ ሃያ አንደኛ ኖሮ አያውቅም። አንዱ ካላረፈ ወይ ካልለቀቀ አዲስ አይገባም። ሚኒስትር የነበረ ሰውዬ ዘጠኝ ዓመት ተራ ጠብቋል።
3. ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው። ታች ምግብ አዳራሹና የቢሊያርድ ክፍሉ፣ ላይ የንባብ ክፍሉና ትልቁ አዳራሽ። በመሃል አስራ ዘጠኝ ደረጃ ያለው የእንጨት መወጣጫ፣ ቀይ ምንጣፍ የለበሰ።
4. የቤት ኃላፊው እኔ ነኝ። በዚህ ሥራ ሃያ አራት ዓመቴ። ቁልፎቹ አርባ ሦስት ናቸው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ።
5. የክለቡን ታሪክ የምትጽፈው የእኔ ልጅ ናት። ከአምስት አመልካች ተወዳድራ ነው። የእኔ ልጅ መሆኗን ያወቁት ከመረጧት በኋላ ነው። (ይሄን አስምርበት።)

ስሟ ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ታሪክ ተምራ ስታበቃ እስከዛሬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ስትገለብጥ ነው የኖረችው፤ ስሟ የትም የለም። ዛሬ ሁለቴ መስታወት ፊት ቆሜ ከረባቴን አስተካከልኩ። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ "ምን ሆነሃል? ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?" አለችኝ።

ረቡዕ፤ 59

ልጄ መጣች። በፊት በር!

ዝርዝሩን ልጻፍ። ሕፃን ሆና ምሳዬን ስታመጣልኝ የምትገባው በኋላ በር ነበር፤ ከወጥ ቤቱ አልፋ አታውቅም። የሠራተኛ ቤተሰብ በፊት በር አይገባም፣ ደንብ ነው። ዛሬ ግን የኮሚቴው እንግዳ ናት። ደወሉ ጮኸ፣ ከፈትኩ። ሊቀመንበሩ ከኋላዬ ቆመዋል። ምን ልበላት? "እንኳን ደህና መጡ፤ በዚህ በኩል ይግቡ" አልኳት። እርስዎ ብዬ! ልጄን! እሷ ደግሞ አንገቷን ሰበር አድርጋ "እግዜር ይስጥልኝ" አለች፤ የታችኛው ከንፈሯ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ሳቋን አፍናው ነው። ካፖርቷን ተቀብዬ ከአባላቱ ካፖርት መሃል ሰቀልኩት። ዞር ብዬ ደግሜ አየሁት።

ቤት ስንገናኝ "ካፖርትዎን ወንበር ላይ አይጣሉ እንጂ" ብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አንድ ነገር ብቻ። ሊቀመንበሩ ወደ ላይ ሲወስዷት "ሰባተኛዋን ደረጃ እንዳትረግጪ፤ አባቶቻችን ያወረሱን ልማድ ነው" አሏት። እሷም "አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ" ብላ ተሻገረች። እኔ ወደ ሌላ ዞርኩ። ምክንያቱን ሌላ ቀን።

ሰኞ፤ 54

ዳኛውን አነጋገረቻቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አባል ከሆኑ አርባ ስድስት ዓመት። ሻይ ይዤ ስገባ ጨዋታው ደርቷል።

"ደረጃዋማ ታሪክ አላት ልጄ" ይላሉ። "መሥራቾቹ ሰባት ነበሩ። ሰባተኛው ቤቱ ሳይመረቅ አረፉ። የምረቃው ዕለት ስድስቱ ተሰልፈው ሲወጡ ሰባተኛዋ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ተሻገሯት። ለጓደኛቸው! ከዚያ ወዲህ አባል የሆነ ሰው ረግጧት አያውቅም።"

"እርስዎ ከማን ሰሙት?"

"ምን መስማት! የሟቹ ልጅ እዚያች ደረጃ አጠገብ ቆሞ ሲያለቅስ በነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ።"

ልጄ ትጽፋለች። እኔ ሻዩን ከስኒው አልፌ ማስቀመጫው ላይ ቀዳሁት። ዳኛው "ምነው፣ ከእኔ ቀድመህ አረጀህ እንዴ?" አሉኝና ሳቁ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

ቤቱ ሲመረቅ ዳኛው የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ያኔ የሚኖሩትም ሌላ ከተማ ነው። ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

እሑድ፤ 48

እናቷ እህቷ ጋ ሄዳለች። ልጄ ቤተ መጻሕፍት ናት። ቤቱ ጭር ብሏል። ልጻፈው። ይሄን ገጽ ለማንም አልሰጥም፤ ስጨርስ እቀደዋለሁ።

የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ነው። ልጄ ከተወለደች ስድስት ሳምንቷ። እኔ ከተቀጠርኩ ሁለት ወር፣ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ የተባረረው አንድ የሽልማት ዋንጫ ጥሎ ስላጣመመ ነው። ይሄን በሄድኩበት ሁሉ ይነግሩኝ ነበር፤ ወጥ ቤቷ፣ አትክልተኛው፣ ዘበኛው።

የድሮውን የብረት ምድጃ ከላይኛው አዳራሽ እኔና ዘበኛው ስናወርድ ገመዱ አመለጠ። ዘበኛውን አይደለም፣ እኔን ነው ያመለጠኝ። ምድጃው ተንሸራቶ ጠርዙ ሰባተኛዋ ደረጃ ላይ አረፈ። ቋ! አለ። እንጨቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ምንጣፉ ሸፍኖት አይታይም፤ ሰው ቢረግጠው ግን እግሩ ይገባል።

ዘበኛውን "አንተ ሂድ፣ እኔ አለሁ" አልኩት። ማጣበቂያ አፈሰስኩበት። አራት ምስማር መታሁበት፣ አንዱን በአውራ ጣቴ ላይ። ላቤን ሳልጠርግ፣ ያኔ የነበሩት የክለቡ ጸሐፊ አዲስ አባል አስከትለው ደረጃውን ሲወጡ ከላይ ሆኜ አየኋቸው። ሦስተኛ። አራተኛ። አምስተኛ።

"ጌታዬ፣ ሰባተኛዋን እንዳይረግጧት!" ብዬ ጮህኩ።

"ለምን?"

ፊት ለፊቴ የመሥራቾቹ ስም ያለበት የናስ ሰሌዳ አለ። ሰባት ስም። ከሰባተኛው ስር "ከምረቃው በፊት ያረፉ" ይላል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እያነበብኩ ነው የዋሸሁት። "ለሰባተኛው መሥራች ክብር ነው ጌታዬ። ድሮ እንደዚያ ነበር አሉ።"

ጸሐፊው አዲሱ አባል ፊት አላውቅም ማለት የከበዳቸው ይመስለኛል። "አዎ፣ አዎ፣ እኔም ልነግርዎት ነበር" አሏቸው። ሁለቱም ተሻገሩ።

በማግስቱ ማጣበቂያው ደርቆ ነበር። አበቃ ብዬ ነበር እኮ። ግን በሦስተኛው ቀን አምስት ሰዎች ሲሻገሩ አየሁ። በወሩ ሁሉም። በዓመቱ ሥነ ሥርዓት ሆኖ ቁጭ አለ፤ አዲስ አባል ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ ሲሻገር ይጨበጨባል። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ሳያውቅ ረገጣት፤ ጋባዡ ለክለቡ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን መዝገብ ውስጥ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

እኔስ? እኔም አልረግጣትም። ማንም በሌለበት እንኳን።

ለልጄም ነገርኳት። ሕፃን ሆና ስትተኛ "የሰባተኛውን ሰውዬ ንገረኝ" ትለኝ ነበር። ሃያ ተረት እያወቅኩ እሱን ብቻ። ታሪክ የተማረችውም በእሱ ምክንያት ይመስለኛል፤ ጠይቄያት ግን አላውቅም። አሁን "የመጽሐፉ ልብ ደረጃዋ ናት" ትላለች። ገጽ አርባ አንድ።

ጨረስኩ። አልቀደድኩትም። ገጹ ከተቀደደ የወዲያኛው ገጽ ይላቀቃል፣ ደብተሩ ይበላሻል።

ረቡዕ፤ 45

እራት ላይ ነን።

"አባዬ፣ የሚገርም ነገር። የሃምሳ ሁለት ዓመት ቃለ ጉባኤ አንብቤ ስለ ደረጃዋ አንድ ቃል የለም።"

"ድሮ ሁሉ ነገር አይጻፍም ነበር።"

"ኧረ ሁሉ ነገር ተጽፏል! መንግሥት ቤቱን ለስድስት ዓመት ወስዶ የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ሲያደርገው አባላቱ አንድ ጥርስ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። አንድ ጥርሱን ያመመው በሽተኛ ተሳስቶ እጁን አውጥቶ ድምፅ መስጠቱ ሳይቀር ተጽፏል። ደረጃዋ መጀመሪያ የምትገኘው የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ነው፤ 'ከምሥረታው ጀምሮ እንደቆየው ልማድ' ይላል።"

"እስቲ ጨው አቀብይኝ" አልኩ።

ጨው ፊቴ ነበር።

ቅዳሜ፤ 42

በችኮላ። አናጺው መጣ፣ ለበዓሉ ደረጃውን ሊያስተካክል። ምንጣፉን አነሳ። ላብ አጠመቀኝ።

"ጋሼ፣ ይሄን የሠራው ሰው አናጺ አይደለም" አለኝ ሰባተኛዋን እየደበደበ። "ጫማ ጠጋኝ ነው።"

ልጄ ደብተሯን ይዛ ከየት እንደመጣች አላውቅም። "ስንት ዓመት ይሆነዋል?" ትለዋለች።

"እህቴ፣ ሌላው ደረጃ በሙሉ በእንጨት ሽብልቅ ነው የተያያዘው። ይሄ የፋብሪካ ምስማር ነው። ሃያ፣ ቢበዛ ሃያ አምስት።"

ጻፈችው። ግን የምታየው ደረጃዋን ሳይሆን እኔን ነው። ፊቴ ላይ አቧራ ያለ መስሎኝ በመሐረብ ጠረግኩ።

ማክሰኞ፤ 39

ብናገር፦
1. ሥራዬ።
2. ስሜ።
3. ዳኛው በዚህ ዕድሜያቸው ቀባጣሪ ይባላሉ።
4. ልጄ ታፍርብኛለች።

ዝም ብል፦
1. ልጄ ስሟን ውሸት ላይ ትጽፋለች።

አራት ለአንድ። አንዷ ግን ትከብዳለች። ደግሜ ቆጠርኩ።

ዓርብ፤ 36

ኮሚቴው ረቂቁን አንብቦ ጨረሰ። ሊቀመንበሩ መተላለፊያው ላይ አስቆሙኝ፤ በሃያ አራት ዓመት መጀመሪያ ጊዜ ነው ትከሻዬን የነኩኝ። "ልጅህ ወርቅ ናት። ገጽ አርባ አንድን ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይሄ መጽሐፍ ሲያልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያዬንም ታሪክ እሷ ናት የምትጽፈው።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ" አልኩ። ደረቴ እንደ ፊኛ ተነፋ። ቤት እስክደርስ ግን ተንፍሶ አለቀ።

እሑድ፤ 34

ልጄ ፎቶ አመጣች። የምረቃው ዕለት ፎቶ ነው፤ የአንዱ መሥራች የልጅ ልጅ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ስድስት ሰዎች ደረጃው ላይ ቆመዋል፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ጺም፣ ሰዓት በሰንሰለት። አንደኛው ኮራ ብሎ፣ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ።

"አባዬ፣ እስቲ ቁጠርልኝ። ይሄ እግር ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው ያረፈው?"

መነጽሬን አደረግኩ። ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።

"ስምንተኛ" አልኳት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ለገዛ ልጄ።

"ስምንተኛ?"

"መነጽሬ ደክሟል መሰለኝ።"

እናቷ ከስፌት መኪናው አንገቷን ሰገግ አድርጋ "እኔስ ሰባት ነው የቆጠርኩት" አለች። "እኔን ማን ጠየቀኝ እንጂ።"

ልጄ ፎቶውን በወረቀት ጠቅልላ ወደ ቦርሳዋ ከተተች። ከዚያ እንዲያው በጨዋታ መሃል "ማተሚያ ቤት የማስገባው ዓርብ ነው። ገጽ አርባ አንድን መጨረሻ ላይ ነው የምሰጣቸው" አለች።

"ለምን መጨረሻ?"

"እንዲያው። የሚጨመር ነገር ካለ ብዬ።"

ምን እንደሚጨመር አልገባኝም። ገጹ ሞልቷል እኮ።

ኀሙስ፤ 30

እንቅልፍ የለም። መብራት አጥፍቼ ጣራ አያለሁ። እናቷ በጨለማው "አንተ ሰውዬ፣ ወይ ተናገር ወይ ተኛ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለችና ፊቷን አዞረች።

ዓርብ፤ 29

ሁሉንም ልጻፍ፣ ከመርሳቴ በፊት።

ጠዋት ወደ ሥራ ወጣሁ። የክለቡን በር ከፈትኩ፣ መጋረጃ ገለጥኩ፣ ጋዜጦቹን ደረደርኩ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፎቹን ለወጥ ቤቷ ሰጠኋት። በሃያ አራት ዓመት አድርጌው አላውቅም። "ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ሰው ሞተ እንዴ?" አለችኝ። "አልሞተም፤ እመለሳለሁ" ብዬ ሮጥኩ። እውነቴን ነው፣ ሮጥኩ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ማተሚያ ቤቱ አንድ ረጅም ክፍል ነው፣ ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ሁለት ማሽን ከዳር እስከ ዳር ይጮሃል። ልጄ ጠረጴዛ ላይ ገጾች ዘርግታ ታነባለች። አጠገቧ አታሚው ቆሟል፣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር።

"ደረጃዋን እኔ ነኝ የሰበርኳት!" አልኳት።

"ምን?" አለችኝ፣ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ።

"የሰባተኛው መሥራች ነገር ውሸት ነው! እኔ ነኝ የፈጠርኩት!"

"አልሰማህም አባዬ!"

አንዴ ለመናገር ሃያ አራት ዓመት የፈጀብኝን ነገር ሦስተኛ ልድገመው? አፌን ሞልቼ ጮህኩ። "ምድጃ ጣልኩባት! አንቺ ስድስት ሳምንትሽ ነበር! እንዳልባረር ፈርቼ ዋሸሁ! ከዚያ ለአንቺም ዋሸሁ! ያ እግር ሰባተኛዋ ላይ ነው ያረፈው!"

ማሽኑ ላይ ያለው ሠራተኛ ዞር ብሎ "እኔ እንኳን ሰማሁ እኮ!" አለ። አታሚው ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ።

ልጄ እጇን ከጆሮዋ አወረደች። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል፤ የቀለሙ ሽታ ይሆናል፣ እኔንም አቃጥሎኛል። ጠረጴዛው ላይ ገጽ አርባ ነበር፣ ገጽ አርባ ሁለት ነበር። አርባ አንድ አልነበረም። ቦርሳዋ ውስጥ ነው ያለው። እንኳን ደረስኩ፣ ዕድሌ ነው።

"በል ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ንገረኝ" አለችኝ። ብዕር አወጣች። "የትኛውን ጣትህን ነው የመታኸው?"

ይሄን አልነገርኳትም ነበር መሰለኝ። አውራ ጣቴ እስከ ዛሬ ጥፍሩ ጠማማ ነው፤ ከዚያ አውቃው ይሆናል።

ሰኞ፤ 26

አዲሱን ገጽ አርባ አንድ ጮክ ብላ አነበበችልን። ልገለብጠው፦

"ልማዱን የጀመረው ከሰባቱ መሥራቾች አንዱ አልነበረም። በሥራው ላይ ሁለት ወር የሞላውና የስድስት ሳምንት ሕፃን ያለችው አንድ ሠራተኛ ነበር። የሰበረውን ደረጃ ሰው እንዳይጎዳበት ሲል በተናገራት አንዲት ቃል መቶ ሃያ የተከበሩ ሰዎች ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለማያውቁት ሟች ክብር ሰጥተዋል። ቤቱ ከዚህ የተሻለ ልማድ የለውም።"

ሰው እንዳይጎዳበት ሲል? "ለራሴ ፈርቼ ነው እኮ" አልኳት።

"ሁለቱንም ነው" አለች። "አንደኛውን ብቻ ነው የምታስታውሰው።"

እናቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "እንግዲህ ታሪክ ውስጥ ገባህ። እራት ግን ዛሬም ዕቃውን አንተ ነህ የምታጥበው" አለች።

አጠብኩ። እያፏጨሁ።

ረቡዕ፤ 17

ኮሚቴው ጠራኝ። አምስቱም ተቀምጠዋል፣ ዳኛውም ከእነሱ አንዱ ናቸው፣ ልጄ በግራ በኩል። እኔ ቆሜ። ክፍሉን ራሴ ነኝ ያዘጋጀሁት፤ ውሃውን፣ ብርጭቆውን፣ ወረቀቱን። ለራሴ ወንበር አላስቀመጥኩም።

ሊቀመንበሩ ልጄ ያስገባችላቸውን አዲሱን ገጽ በሁለት ጣት ይዘውታል። "ይሄ ምንድን ነው?"

ነገርኳቸው። ምድጃውን፣ ገመዱን፣ ማጣበቂያውን። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

"ሰባ አምስት ዓመት ሙሉ የተከበሩ ሰዎች በአንተ ቃል ሲዘሉ ኖሩ ልትለን ነው?"

"ሃያ አራት ዓመት ነው ጌታዬ።"

ዳኛው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። "እኔ በዓይኔ ያየሁትን! ልጁ ሲያለቅስ!" አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ይመስል "ወይስ ሌላ ቦታ ነው..." አሉ። አንጀቴን በሉት። ውሃ ቀዳሁላቸው።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አሉ። ደግ ፈገግታ ነው፣ ለበሽተኛ የሚሆን። "ያኔ አዲስ ነበርክ። ከሆነ ሽማግሌ ሰምተኸው ከማን እንደሰማኸው ጠፍቶብህ ነው። በፎቶውም ያ ሰውዬ ሊሻገር እግሩን ሲያነሳ ነው። እንዲህ ያለ ልማድ ከዕቃ ጠባቂ አይወጣም።"

ቤት ኃላፊ ነኝ። ዕቃ ጠባቂ አይደለሁም። አልተናገርኩም፤ እዚህ ጻፍኩት።

ከዚያ ድምፅ ሰጡ። ልማዱ ከመሥራቾቹ የመጣ ነው የሚሉ እጃቸውን ያውጡ ተባለ። አራት እጅ ወጣ። ዳኛው እጃቸውን አላወጡም፤ መስኮት መስኮት ያያሉ። አራት ለአንድ። ታሪኩ በአብላጫ ድምፅ አለፈ። የድሮው ገጽ አርባ አንድ ይታተም ተባለ፤ ልጄ መጀመሪያ የጻፈችውን ረቂቅ ለራሳቸው አስቀርተው ስለነበር።

"ይሄ ወሬ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ" አሉኝ ሊቀመንበሩ። "ለራስህ ብዬ ነው።"

ልጄ ተነሳች። ወረቀቶቿን ሰበሰበች። "እንግዲያው ስሜን አውጡልኝ" አለች።

"ምን?"

"መጽሐፉ ይታተም። ሥራው ሥራዬ ነው፣ አልከለክልም። ስሜ ግን ሽፋኑ ላይ አይወጣም።"

"ልጄ፣ የመጀመሪያ መጽሐፍሽ ነው። የኢንሹራንሱም ነገር አለ። ደህና አድርገሽ አስቢበት።"

"አስቤበታለሁ ጌታዬ" አለች። ድምጿ ልክ እንደ እናቷ። ሄደች። ካፖርቷን እንኳን ላቀብላት አልደረስኩባትም።

ኀሙስ፤ 16

አጠፋሁ ወይስ አላጠፋሁም? ዝም ብል ኖሮ ስሟ ይወጣ ነበር። ሊቀመንበሩ ሌላ መጽሐፍ ይሰጧት ነበር። ያ ሁሉ ሥራ። ወር ተኩል ሙሉ ዓይኗ ቀልቶ።

ቁርስ ላይ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

"ለየትኛው?" አለችኝ።

"ለስምሽ።"

"አባዬ፣ ስሜንማ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንተ ምን አገባህ?" ብላ ሻይዋን ጠጣችና ወደ ቤተ መጻሕፍቷ ሄደች፣ ወደ ሰው ጽሑፍ መገልበጧ።

እናቷ በመስኮት እያየቻት "በማን ወጣች?" አለች። መልስ የጠበቀች አይመስለኝም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሳስብበት ዋልኩ። በእኔ አይደለችም። በእናቷም ሙሉ በሙሉ አይደለችም። ይቺ ልጅ ራሷን ነው የወጣችው።

ሰኞ፤ 5

መጻሕፍቱ መጡ። ስድስት ካርቶን። ፈርሜ ተቀበልኩ።

አንዱን አወጣሁ። ሽፋኑ ጥቁር ሰማያዊ፣ የቤቱ ሥዕል በወርቃማ መስመር። ከሥዕሉ በላይ የክለቡ ስም፣ ከሥዕሉ በታች "ሰባ አምስት ዓመት"። ከዚያ በታች ምንም። ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ። አታሚው ሥራውን ቀድሞ ደልድሎት ስለነበር ቦታው እንዳለ ቀርቷል።

ጣቶቼን አስቀመጥኩበት። ልክ ነው፣ ሦስት።

ሌላው ሰው የታተመ ስም አለው። የእኔ ልጅ ባዶ ቦታ አላት፣ ራሷ ያስወጣችው። ዕቃ ቤት ብቻዬን ቆሜ፣ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ። ወጥ ቤቷ ብታየኝ ሰው ሞተ እንዴ ትል ነበር።

ቅዳሜ፤ በዓሉ

አሁን ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

እንግዳ፦ ወደ ሦስት መቶ። የእኔ ሥራ፦ በር መክፈት፣ ካፖርት መቀበል፣ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ማደል። ልጄ አልመጣችም፤ ካርዱ ተልኮላት ነበር። ሸሚዜን ግን ጠዋት እሷ ናት የተኮሰችው፣ እናቷ እያለች።

አራተኛዋ ወይ አምስተኛዋ እንግዳ ነበሩ፣ ሽበት ያላቸው ሴት፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ። ሽፋኑን አገላብጠው አዩ። "ቆንጆ ሥራ ነው። ደራሲው ማነው? ስም የለውም።"

"ኮሚቴው ነው" ማለት እችል ነበር። ወይም "አላውቅም እመቤቴ"። አንድ ቃል ነው የሚበቃው። አንድ ቃል እንዴት እንደሚያድግ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

"የእኔ ልጅ ናት የጻፈችው" አልኳቸው። "ከገጽ አርባ አንድ በስተቀር።"

"ገጽ አርባ አንድ ምን ሆነ?"

"እሱ በድምፅ ብልጫ ነው የተጻፈው።"

ሴትዮዋ አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ እዚያው በሩ ላይ ቆመው ገጽ አርባ አንድን ገለጡ፣ አነበቡ፣ "የልጅህ ስም ማን ይባላል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ባዶዋ ቦታ ላይ ጻፉት። በትልቁ። ከኋላቸው የቆመውም ሰውዬ "ምንድን ነው የሚጻፈው?" አለ። ነገርኩት። ሚስቱም ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

ዳኛው ሲገቡ ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው። መጽሐፉን ሳይቀበሉኝ ጆሮዬ ላይ ተጠግተው "የኔኛው ላይ አንተው ጻፍልኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል" አሉኝ። ጻፍኩላቸው። በዚህ ሁሉ ዓመት በክለቡ መጽሐፍ ላይ መጻፌ መጀመሪያዬ ነው።

ሊቀመንበሩ ላይ ሆነው ንግግር ሲጀምሩ እኔም ወጥቼ አዳራሹ በር ላይ ቆምኩ፤ አዳራሹ ውስጥ ገጽ የሚገለጥ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ንግግራቸውን ሁለት ጊዜ አቋረጡ። ሲያበቁ በቀጥታ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

"ለሰዉ ምን እያልክ ነው?"

"ማን እንደጻፈው ሲጠይቁኝ እየመለስኩ ነው ጌታዬ።"

"ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ትመጣለህ።"

"እመጣለሁ ጌታዬ።"

የጠየቁኝ፦ ሃያ ሁለት ሰዎች።
የመለስኩላቸው፦ ሃያ ሁለቱም።
ስሟን ሽፋኑ ላይ የጻፉ፣ እኔ ያየኋቸው፦ አስራ አንድ።

ልጄ በሩን ገርበብ አድርጋ "እንዴት ነበር አባዬ?" ትላለች። ደብተሩን ልዝጋና ልንገራት።